ስንዱ ከስንዴ ተጣላች

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3

ዛሬም አስመለሰኝ። ያውም ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ፣ ገበሬው ሁሉ ተሰብስቦ እያየኝ። የሩዝ ችግኝ በመስመር እንዴት እንደሚተከል ላሳያቸው የገመዱን አንድ ጫፍ ይዤ ውኃው ውስጥ ቆሜያለሁ። ሊያስመልሰኝ ሲል ገመዱን ለቅቄ ወደ ዳሩ ሮጥኩ። ሮጥኩ ልበል እንጂ፣ ጭቃው አንዱን ቦቲዬን አስቀርቶብኝ በባዶ እግሬ ነው የወጣሁት። ከኋላዬ አንዷ "የግብርናዋ ልጅ ደገመች መሰለኝ" ስትል ሰማሁ። ምነው እርግዝና በሆነ፤ በስንት ጣዕሙ።

ይህ ነገር አልቆ ነበር እኮ። ጥር ላይ ባሕር ዳር የመረመረኝ ሐኪም ስንዴ፣ ገብስ፣ ወተትና ቅቤ አንጀቴ እንደማይቀበላቸው ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ አንዳቸውንም አልነካሁም። ስንዴውና ገብሱ ውስጥ ያለው ነገር ግሉተን ይባላል ብሎኛል። ለባሌ እናት ለእማማ ይታይሽ ይህን ስነግራቸው "የምን ጉልት ነው ደግሞ?" አሉኝ። ባሌ አዳነ በበኩሉ "ስንዱ ከስንዴ ተጣላች" እያለ ጎረቤቱን ሁሉ አሳቀብኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። አባቴ ስሜን ሲያወጣ ይህን አላሰበም።

ይሳቁ፤ ግን ተሽሎኝ ነበር። ፋሲካ ሲደርስ የሰፋኝ ቀሚስ ልክ ሆነ። አራት ዓመቷን የያዘችውን ልጄን ቤዛን አዝዬ ከገበያ እስከ ቤት ሳላርፍ እሄድ ነበር። ከሥራ ተመልሼ ልብስ ለማጠብ ጉልበት ይተርፈኝ ነበር። ከዚያ ሰኔ ሲጋመስ ያው ነገር ተመለሰ። መነፋት፣ ተቅማጥ፣ ማቅለሽለሽ፣ አጥንት ድረስ የሚገባ ድካም።

ዛሬ የበላሁት፦ ጠዋት የጤፍና የሩዝ እንጀራ በሽሮ። ቀትር ላይ ያንኑ፣ ከቤት በሳህን ቋጥሬ የሄድኩትን። ገበሬዎቹ ጠላ አቀረቡልኝ፣ አልቀመስኩም። ቆሎ ዘረጉልኝ፣ አልነካሁም። ሽሮውን እኔው ነኝ ለቅሜ ያስፈጨሁት። ታዲያ ከየት መጣ?

ቤዛ ከበር ላይ ስትቀበለኝ ፊቴን አየችና "ዛሬም ታመምሽ?" አለችኝ። ዛሬም አለች። ልጅ እንኳ መቁጠር ጀምራለች።

ዓርብ፣ ሐምሌ 4

የፈራሁት መጣ። አዳነ ከእናቱ ጋር መክሮ ጨርሶ ኖሯል የነገረኝ። ሰኞ ሥላሴ ነው፤ እማማ ይታይሽ ቤተ ክርስቲያን ስመው እኛ ዘንድ ወደ ወረታ ይመጣሉ። እኔ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠይቄ ጸበል እገባለሁ። ቤዛ እስከ መስከረም ቁሐር ከአያቷ ጋር ትቀመጣለች።

ጸበል አልሄድም አላልኩም። እሄዳለሁ፤ ሄጄም አውቃለሁ። ግን አሁን የችግኝ ጊዜ ነው። ሩዝ የእኔን ሆድ አይጠብቅም፤ ይህ ሳምንት ካለፈ ገበሬው እንደ ድሮው በትኖት ይገባል፣ የዓመቱ ድካሜ ውኃ በላው ማለት ነው።

እሱም ቢሆን ይቅር። የሚያስፈራኝ የቤዛ ነገር ነው። ሐኪሙ ይህ በሽታ በዘር ሊሄድ ይችላል ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ልብስ ሳለብሳት ሆዷን እዳስሳለሁ፤ ተነፍቶ እንደሆነ፣ ጠንክሮ እንደሆነ። እኔ ዘንድ የምትበላውን አውቃለሁ። ቁሐር ብትሄድ ጠዋት ትኩስ ወተት፣ ቀትር በሶ፣ ማታ ዳቦ ነው። እማማ ልጅ ሲያጎርሱ እጃቸው አይቆምም። ሆዷ ቢነፋ ጠገበች ነው የሚሉት።

አዳነ ክፉ ሰው አይደለም። የሩዝ መፈልፈያ ቤት ነው የሚሠራው፣ ቅንድቡ ሳይቀር ገለባ ለብሶ ይመጣል፣ ያንን ሳይታጠብ ውኃ ቀድቶልኝ እግሬን ያጥብልኛል። ዛሬ ግን ድምፁ ተለውጧል። "ስንት ወር ሙሉ አትብሉ የተባለውን አልበላንም" አለኝ። "ይኸው ወደቅሽ። አንድ ቀን እዚያ ውኃ ውስጥ በግንባርሽ ብትደፊ ማን ሊያነሳሽ ነው?" አልበላንም ማለቱ ግን ገረመኝ፤ እሱ ትናንት ሁለት ዳቦ ከሻይ ጋር ሲበላ አይቼዋለሁ።

ተከራክሬ አንድ ነገር አገኘሁ። እስከ ሰኞ ካላመመኝ ነገሩ ይቀራል። ካመመኝ ቤዛ ትሄዳለች። እሺ አልኩ።

የጠረጠርኳቸው፦

ወፍጮው። አይደለም። ሁልጊዜ ሩዝ ካስፈጨ ሰው ኋላ ነው ተራ የምይዘው፣ ገብስ ካለፈ እመለሳለሁ። ባለወፍጮው "የሩዝ አማች" ይለኛል።

ምጣዱ። የራሴ ነው፣ ለማንም አላውሰውም።

በርበሬው። ዘይቱ። ጨው። አይደሉም።

አዳነ ዳቦ የነካበት እጁ? ወደ መሶቡ ከመቅረቡ በፊት እንዲታጠብ ብዬዋለሁ፣ ይታጠባል።

እኔ ራሴ? ጭንቀት ብቻውን እንዲህ ያደርጋል?

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5

አገኘሁት። አገኘሁትና ይበልጥ ጨነቀኝ።

ዛሬ የሰኔ ጾም ተፈታ። ሰው ሁሉ ደስ ሲለው እኔ ከፋኝ፤ ጾሙ ከለላዬ ነበር። ጾም ሲሆን ወተት እምቢ ስል ማንም ቀና ብሎ አያየኝም፣ ሁሉም እንደ እኔ ነው። ሲፈታ እኔ ብቻዬን እቀራለሁ። እማማ ይታይሽ ቤት ቁሐር ሄድን። ለእኔ ዶሮውን በዘይት ለብቻ ሠርተውልኛል፤ ድስቱን እያማሰሉ ቅቤ የሌለው ዶሮ የለቅሶ ቤት ወጥ ይመስላል ብለው አጉረመረሙ። ቢሆንም ሠርተውልኛል። እንጀራዬን ከቤት ይዤ ነው የሄድኩት። በልቼ ገና እጄን ሳልታጠብ አንዲት ጎረቤታቸው ጣሳ ይዛ ገባች። እርሾ ልትለምን ነው የመጣችው።

የእርስዎ እርሾ ሊጡን ቶሎ ነው የሚያነሣው፣ የኔው ሞቶ ቀረ አለቻቸው። እማማ ደስ አላቸው። ቀድተው እየሰጧት እንዲህ አሉ፦

"ጤፍ ብቻውን ሰነፍ ነው። እኔ እርሾዬ ላይ የገብስ ዱቄት አንድ እፍኝ ጣል አደርግበታለሁ፤ ያን ጊዜ ይነቃል። ለስንዱም ይኸንኑ ነው የምልክላት።"

በተቀመጥኩበት ደረቅሁ።

ሰኔ መግቢያ ላይ ለሥልጠና ባሕር ዳር ሰንብቼ ስመለስ እርሾዬ ተበላሽቶ ሸተተ። ከዚያ ወዲህ እማማ በየሳምንቱ በአዳነ እጅ አንድ ጣሳ እርሾ ይልኩልኛል። ባዶውን ይዞ ይሄዳል፣ ሙሉውን ይዞ ይመጣል። እንጀራዬ ዓይኑ እንዲህ አምሮ አያውቅም ነበር፤ መርቄያቸዋለሁ እኮ። ወፍጮውን፣ ምጣዱን፣ ጨውን ሳይቀር ስጠረጥር እሱን አንድ ቀን አላሰብኩትም። እርሾን እህል ብሎ የሚቆጥር ማን አለ? ቢጫ ውኃ ነው። ስንት ሴት ጋር ሄዶ ስንት ሴት ጋር እንደመጣ ማን ይጠይቃል? ሐኪሙም አልጠየቀኝ፣ እኔም አልነገርኩት።

እዚያው ልናገር አፌን ከፈትኩ። ጎረቤታቸው አለች። እማማ ደግሞ እየሳቁ ነው። ዘጋሁት።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። ምክንያቱን አውቄያለሁ። ነገር ግን ዛሬ የበላሁት እንጀራ በዚያው እርሾ የተቦካ ነው።

እሁድ፣ ሐምሌ 6

አመመኝ። ጠዋት ጓሮ ሄጄ ቀስ ብዬ ላሳልፈው ብዬ ነበር፤ አዳነ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ገብቶ የቤዛን ልብስ ማጠፍ ጀመረ።

ያኔ ነገርኩት። በተረጋጋ መንገድ ልናገር አስቤ ነበር፤ እያለቀስኩ ወጣ። እርሾው ነው፣ ገብስ አለበት፣ እናትህ ራሳቸው ሲሉ ሰምቻለሁ አልኩት። የልጅቷን ሹራብ እንደያዘ ቀና አለ።

"እናትህ መረዘችኝ በይኛ።"

እንደዚያ አላልኩም አልኩት። ብለሻል አለ። ለአንቺ ብላ እያቦካች፣ ጣሳ ተሸክሜ እየተመላለስኩ፣ በመጨረሻ ጥፋቱ የእናቴ ሆነ? ይህንና ሌላም ብዙ አለኝ፤ ሁሉንም እዚህ አልጽፈውም። የደከመ ሰው የሚናገረው ነው። እኔም የመለስኩለት ጥሩ አልነበረም። የአንተ ቤተሰብ ካልጎረሰልኝ አልወደደኝም ነው የሚል አልኩት። ቤዛ ከአልጋው ሥር ገብታ ነበር።

ቀኑን ሙሉ ዝናብ ነው። እሱ ሲወጣ ሊጡን በሙሉ ደፋሁት። ልቤ እየተሳቀቀ ነው የደፋሁት፤ ሊጥ መድፋት ያሳፍራል። ባልዲውን በአመድ ፈትጌ፣ አጥቤ፣ የፈላ ውኃ አፈሰስኩበት። ከዚያ ንጹሕ የጤፍ ዱቄት በውኃ በጥብጬ በአዲስ ጣሳ ከደንኩት፤ በራሱ ጊዜ ይቡካ። ካለ እርሾ ሲጀመር ቀናት ይፈጃል፣ ደግሞም ላይሆን ይችላል። እስከዚያ ሩዝና ድንች።

ሰኞ ነገ ነው። በውሉ ተሸንፌያለሁ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 7፣ ሥላሴ

ቤዛ ሄደች።

እማማ ይታይሽ ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ መጡ። ነጠላቸውን እንኳ ሳያወርዱ ተቀመጡ። አዳነ እንዳይቀድመኝ ፈርቼ እኔው ጀመርኩ። ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩትን ቃል ሁሉ ረስቼ እንዲህ አልኳቸው፦ እማማ፣ እርሾው ላይ የሚጨምሩት ገብስ ነው ያመመኝ፤ እርስዎ አላወቁም፣ እኔም አላወቅሁም።

ከዚያ ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

"እኔ ነኝ ያሳመምኩሽ?"

እርስዎ አይደሉም፣ ገብሱ ነው አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። የገብስ እርሾ እናታቸውም፣ አያታቸውም ሲያቦኩበት ኖረዋል፣ ማንንም አልጣለም አሉ። ስምንት ሰው አሳድጌበታለሁ አሉ። ቀጥዬም አንድ ሳምንት ታገሡኝ ብዬ ለመንኳቸው፤ አዲስ እርሾ ጀምሬያለሁ፣ ከዳንኩ እውነቴን ነው፣ ካልዳንኩ ጸበሉን በራሴ እግር እሄዳለሁ አልኩ። አዳነ ለእሱ እሺ አለ። ግን ቤዛ እስከዚያ ከአያቷ ጋር ትሂድ፣ አንቺ ማረፍ አለብሽ አለ። በሶና ወተት አይስጧት ብዬ ልጨምር ስል እማማ ተነሥተው ነበር።

"ልጄን የምትጠብቂው ከእኔ ነው?" አሉኝ።

ውኃ እንኳ ሳይጠጡ ወጡ። ባጃጁ ውስጥ ቤዛ ጭናቸው ላይ ተቀምጣ እጇን አወዛወዘችልኝ። ባጃጅ መሳፈር ደስ ይላታል። እኔ በሩን ይዤ ቆምኩ። በሕይወቴ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም፤ በማን እንደተናደድኩ ግን ለይቼ መናገር አልችልም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

አላመመኝም። ትናንትም፣ ዛሬም።

ትናንት አልጻፍኩም፤ ቤቱ ውስጥ ከእርሾው ጣሳ በቀር የምመለከተው ነገር አልነበረኝም። ዛሬ ቁሐር ሄጄ ቀኑን ሙሉ ገመድ ያዝኩ። ሦስት ማሳ በመስመር ተተከለ። ያቺ ደገመች ያለችው ሴት አጠገቤ ሆና ስትተክል ነበር፤ ወጣ ስንል ጠላ ቀዳችልኝ፣ አይስማማኝም አልኳት፣ ታዲያ ምን ትጠጫለሽ ብላ ከቤቷ ውኃ በጆግ አመጣችልኝ። እንዲህ ቀላል ኖሯል?

ከማሳው ቀና ስል የእማማ ቤት ቆርቆሮ ይታያል። ብዙ ጊዜ ቀና አልኩ። ልሂድ ብዬ ሁለቴ እግሬን አነሣሁ፤ ብሄድ ለክትትል መጣች ይላሉ፣ ባልሄድ ልጇን ረሳች። ከጭሱ በቀር ምንም አይታይም። በሶ በጥብጠው ሲሰጧት በዓይነ ሕሊናዬ እያየሁ ነበር ችግኝ ያስተከልኩት።

ሳይመሽ ቤት ገብቼ ጣሳውን ከፈትኩት። አረፋ አውጥቷል። አሸተትኩት፤ ኮምጠጥ ያለ፣ የጤና ሽታ። ቢጫው ውኃ ከላይ ጠልሏል። ብቻዬን ቆሜ ሳቅሁ።

አዳነ ገብቶ ጣሳውን አየ፣ እኔን አየ። "ቀለምሽ ተመልሷል" አለኝ። ይቅርታ ግን አላለም። ራት ሩዝና ድንች ብቻ ነው ብዬው፣ ዳቦ ሊገዛ ይወጣል ብዬ ስጠብቅ፣ ቁጭ ብሎ ከእኔ ሳህን በላ። ለእሱ ይህ ይቅርታ ነው፣ አውቀዋለሁ። የቤዛን ነገር ግን አንዳችንም አላነሣንም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ልጄ ቤት ናት።

ከሥራ ስመለስ እማማ ይታይሽ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቤዛ ጭናቸው ላይ ተኝታለች፣ ልብሷ የታሰረበት ፌስታል አጠገባቸው ነው። ሮጬ ሆዷን ነካሁ። ተነፍቷል፣ ከበሮ ሆኗል። ተቅማጥ ይዟት እንደነበር ነገሩኝ። ወተትና በሶ ነው፣ ሌላ ምንም አልሰጠኋትም አሉ፤ አልሸሸጉኝም። ልጮህባቸው ነበር። ፊታቸውን ሳይ ተውኩት። እንደ ወትሮው አይደሉም፤ በሦስት ቀን አርጅተዋል።

አስገባኋቸው። ቤዛን አልጋው ላይ ላስተኛት ስል አልሰጥም አሉ። እንደታቀፏት ነው የነገሩኝ።

ከአዳነ በላይ ሴት ልጅ ነበረቻቸው። ውድነሽ ትባል ነበር። ይህን ስም እዚህ ቤት ሰምቼው አላውቅም። ጡት ከተወች በኋላ መክሳት ጀመረች፤ እግሯ ቀጠነ፣ ሆዷ ግን ተነፋ። የሚያስቀምጣትም አልቆም አለ። ጸበል ወሰዷት፣ መድኃኒት የሚያውቁ ሰዎች ጋር ወሰዷት። በከሳች ቁጥር ትጠንክር ብለው በሶ በጠበጡላት።

"እምቢ ስትል አፏን ይዤ ነበር የማጠጣት" አሉኝ። "ቤዛዬ ትናንት በሶውን ገፋ አድርጋ ሆዷን ያዘች። ሆዷን ገለጥኩት። ያንኑ ሆድ አየሁት፣ ልጄ። ያንኑ።"

አዳነ ያኔ ገና የሚድህ ሕፃን ነበር፣ አያስታውሳትም። ከሞተች በኋላ ስሟን ማንም እንዳያነሣ አባቱ ከለከሉ።

ልጅን የሚገድል በሽታ ብዙ ነው አልኳቸው። የሷ ገብሱ ይሁን ሌላ፣ ዛሬ ማንም ሐኪም ሊናገር አይችልም አልኩ። እውነቴን ነው፣ አላውቅም። ቤዛንም ባሕር ዳር ወስደን ማስመርመር አለብን እንጂ እኔ በእጄ ዳስሼ የማውቀው ነገር የለም። አዳምጠው ሲጨርሱ የነገርኳቸውን ሁሉ ወደ ጎን ገፍተው ጠየቁኝ።

"ምን ነበር ማብላት የነበረብኝ?"

ባልመልስ ደስ ይለኝ ነበር። ዓይናቸውን ከፊቴ አልነቀሉም። ጤፍ አልኳቸው።

"ጤፉንማ ገበያ እናወጣው ነበር" አሉ። "ለልጆች የምናስቀረው ገብሱን ነው።"

እኔ አለቀስኩ፣ እሳቸው አላለቀሱም። አዳነ ሲገባ እናቱንና ልጁን አይቶ በሩ ላይ ቆመ። ምንድር ነው አለ። "ልጅህ ከእናቷ ጋር ትሁን" አሉት፣ ሌላ አልጨመሩም። የውድነሽን ነገር እሳቸው ይንገሩት፣ የእኔ አይደለም። በሚመጣው ሳምንት ለምርመራ ባሕር ዳር እንሄዳለን። ውጤቱን ሳስብ ያስፈራኛል።

እማማ ዛሬ እዚሁ ያድራሉ። ቤዛ ነቅታ ራበኝ ስትል ሩዝ ቀቅዬ አቀረብኩ። እሳቸው አልበሉም። እኔ ላጉርሳት አሉ። እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡ፤ ወደ ሳህኑ ሊሰዱት ሲሉ እጃቸውን አዩት፣ ተነሡና እንደገና ታጠቡ።